ሳልቀምስ የሠራሁት የበግ ጣጂን

በሲያትልና በዙሪያዋ ካለነው ሐበሾች መካከል የሞሮኮን የበግ ጣጂን እንደ እኔ አድርጎ የሚሠራ የለም። ይህን ባልኩ ቁጥር ባለቤቴ ትስቃለች። ትሳቅ። እውነት በሳቅ አይለወጥም። ማንም አላስተማረኝም፤ የምግብ መጽሐፍ ገልጬ አላውቅም፤ በዚያን ጊዜ ስልክ ከፍቶ የሰው እጅ ማየት የሚባል ነገርም አልነበረም። እንግሊዝኛን ከአውቶቡስ ማስታወቂያ፣ የመኪና ሞተርን ከራሴ አሮጌ መኪና የተማርኩ ሰው ነኝ፤ ጣጂንን ደግሞ በዓይኔና በአፍንጫዬ ተማርኩት። ምላሴ አልነበረበትም።

በ2000ዎቹ መጀመሪያ፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ ካፒቶል ሂል ላይ በአንድ የሞሮኮ ምግብ ቤት ሳህን አጥብ ነበር። ማጠቢያዬ ከዋናው ሼፍ ምድጃ አራት እርምጃ ነበር የሚርቀው። ሼፉ ነጭ ጺም ያለው፣ ወሬ የማይወድ ሞሮኳዊ ነበር። እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ሳጥብ እሱ ከጀርባዬ ይሠራል፤ የእኔ የሙቅ ውኃ እንፋሎትና የእሱ ድስት እንፋሎት መካከላችን ላይ ይገናኛሉ። ክረምቱን ሙሉ በዚያ ደመና ውስጥ ነበር የምኖረው። ውጪ ዝናብ፣ ውስጥ ደመና። አንዳንድ ቀን እጄ እስከ ክርኑ ሙቅ ውኃ ውስጥ ሆኖ፣ የቆምኩበት አገር የት እንደሆነ ይጠፋኝ ነበር።

ጣጂን የሸክላ ድስት ስም ነው፤ ክዳኑ እንደ መሶብ ክዳን ወደ ላይ የሾለ። በእሱ የሚበስለውም ወጥ በድስቱ ስም ይጠራል። እኛ ወጥ ስንሠራ ሽንኩርቱን እናቁላላለን፣ እናማስላለን፣ መዳፋችን ላይ ጠብ እያደረግን እንቀምሳለን፤ ድስቱ ዕረፍት የለውም። ሼፉ ግን የበጉን ሥጋ፣ ጥሬ ሽንኩርቱን፣ ዝንጅብሉን፣ እርዱን፣ ቀረፋውንና ሳፍሮን የሚባለውን ቀይ ክር የመሰለ ቅመም አንድ ላይ ያስተኛቸዋል፤ ትንሽ ውኃና የወይራ ዘይት ያፈስባቸውና ይከድናቸዋል። ከዚያ እጁን ይታጠባል። በቃ። እሳቱ የሻማ ያህል ነው። ሦስት ሰዓት ክዳኑን አይነካውም። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት «ኧረ ሰውዬ፣ አማስለው!» እያልኩ በሆዴ እጮህ ነበር።

ቀስ በቀስ ግን ሽታውን ማንበብ ቻልኩ። መጀመሪያ ጥሬ ሽንኩርት ይመጣል፤ እሱ ተቆጪ ነው። ቀጥሎ ዝንጅብልና እርድ፤ እነሱ ይነጋገራሉ። በሁለተኛው ሰዓት ቀረፋው ብቻውን ይወጣል። በመጨረሻ ሁሉም ዝም ይላሉ። ሽታው ጠፋ ስትል፣ ከዝምታው ውስጥ ማር የመሰለ ነገር ብቅ ይላል። ያኔ ሥጋው ከአጥንቱ ተለያይቷል ማለት ነው። አንድ ቀን ጀርባዬን እንደሰጠሁ «ደረሰ» አልኩት ሼፉን። ክዳኑን ከፈተ፤ ደርሷል። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ዞር ብሎ በደንብ አየኝ። ስድስት ዓመት እዚያ ሠርቼ ካገኘሁት ሁሉ ያ አስተያየት ይበልጥብኛል።

የቤቱ ሥጋ ሙስሊም ያረደው ስለነበር፣ እኔ ደግሞ ኦርቶዶክስ ስለሆንኩ፣ ቀምሼው አላውቅም። ሼፉ በማንኪያ ሲዘረጋልኝ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ እምቢ እላለሁ። ጾም እየመሰለው «አሁንም አልፈታችሁም?» ይለኝ ነበር። እኛ አገር ክርስቲያን የሙስሊምን ሥጋ፣ ሙስሊም የክርስቲያንን ሥጋ አይበላም። ይህ ጥላቻ አይደለም፤ ገበታችን የሚለያይበት አጥር ነው። በአጥሩ ላይ ሰላም እንባባላለን። እኔ ቤቴ ገብቼ፣ ለፋሲካ እርሻ ሄደን ራሳችን በምናርደው በግ ጣጂኑን ሞከርኩት። በመጀመሪያው ቀን ተሳካ። ከዚያ ወዲህ የበላው ሁሉ ጣቱን ልሷል።

አንድ ወዳጅ ነበረኝ፤ አሁንም አለኝ። የጉራጌ አገር ሙስሊም ነው። ቼሪ መንገድ ላይ ቅመምና ሻይ ቅጠል የሚሸጥ ሱቅ ነበረው። ሃያ ዓመት ያህል አብረን ሽሮ በልተናል፣ ዓሣ በልተናል፣ ሥጋ ግን አንድም ቀን አብረን በልተን አናውቅም። የልጄን ሠርግ ስደግስ ለሙስሊም እንግዶች የሚሆነውን በግ እሱ አረደ፤ ባለቤቱ በራሷ ድስት ሠራችው። ከእኛ ወገን ይልቅ የእሷ ማዕድ ነበር ደስ የሚል ሽታ የነበረው። ይህን ከእኔ አፍ መስማት ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ።

ባልና ሚስቱን እዚያ ምግብ ቤት ጋብዣቸውም አውቃለሁ። እነሱ መብላት ይችላሉ፤ እኔ ከማጠቢያው በር አጮልቄ አያለሁ። እሷ የመጀመሪያውን ጎርሳ ዓይኗን ጨፈነች። ስትጨርስ ነጠላዋን እያስተካከለች እስከ ኩሽናው በር መጣች።

«እርስዎ ነዎት የሠሩት?» አለችኝ።

ሼፉ ውጪ ሲጋራ ያጨስ ነበር። «አዎ» አልኳት።

«እንግዲያው አንድ ቀን በቤታችን ይሠሩልናል።»

«እንዴታ!»

ከዚያ በኋላ ባገኘችኝ ቁጥር «ጣጂኑስ?» ትለኝ ነበር። ዛሬ ነገ ስል ዓመታት ሄዱ። በ2010ዎቹ አጋማሽ ላይ እሷ ሞተች።

ከቀብሯ አራት ወር በኋላ የወዳጄ ልጅ ከሚኒሶታ ደወለችልኝ።

«ጋሼ፣ ደህና ነዎት? ሶ… ስለ አባዬ ነው። ኮል ሳደርግለት በላሁ ይለኛል። ግን ዶክተሩ ጋ ሲሄድ ዌይቱ… ክብደቱ በጣም ወርዷል። እሁድ እመጣለሁ። ካልበላ ይዤው ነው የምመለሰው።»

«እሱ ምን ይላል?»

«አልሄድም ይላል። መቃብሯን ለማን ጥዬ ይለኛል። በየሳምንቱ እኮ ይሄዳል፣ ጋሼ፤ በዝናብ። ብወስደው እንደሚጎዳ አውቃለሁ። ብተወው ደግሞ…»

«እሁድ ስትመጪ ሲበላ ታገኚዋለሽ። እኔ አበስልለታለሁ።»

«ጋሼ፣ አይቀየሙኝና፣ ሰው ሁሉ ምግብ አምጥቶለታል። ፍሪጁ ሞልቷል።»

«ሰው ሁሉ እኔን አይደለም» አልኳት።

ሐሙስ ጠዋት ተነሣሁ። የሸክላ ድስቴን ቤት ትቼው ሄድኩ፤ የእኛን ሥጋ ያወቀ ድስት ነውና ለእሱ አይሆንም። ከሐላል ሉካንዳ የበግ ትከሻ ከነአጥንቱ አስቆርጬ፣ የደረቀ ፕሪምና ማር ይዤ፣ ወዳጄ ወደሚኖርባት ፌደራል ዌይ ነዳሁ። ጉም ነበር። ከፊቴ ያሉት መኪናዎች ቀይ መብራታቸው ብቻ ይታያል፤ ፍም ተከትዬ የምሄድ መሰለኝ። መንገዱ ሲያልቅ አልታወቀኝም፤ ጉሙ ውስጥ ገብቼ በሌላ በኩል ወጣሁ እንጂ።

ወዳጄ አፓርታማው ውስጥ መስኮት አጠገብ ተቀምጧል። ሹራቡ ሰው ያልለበሰው ይመስላል።

«መጣህ ጉረኛው?» አለኝ ሳይዞር።

«መጣሁ።»

«ምን ይዘሃል?»

«በግ።»

«አልበላም።»

«አንተን ማን ጠየቀህ? ለቤቱ ነው የምሠራው። ቤቱ ሽታ ናፍቆታል።»

ዞር ብሎ አየኝ። «ሥጋው የማን ነው?»

«የናንተ። ድስቱም የቤትህ፣ ቢላዋውም የቤትህ። የእኔ እጅ ብቻ ነው።»

«እኔንም የሚያሰጋኝ እሱ ነው» አለና ወደ መስኮቱ ተመለሰ።

ኩሽናው እሷ እንደተወችው ነበር። ብረት ድስቷ ፎጣ ላይ ተደፍቷል። ሽርጧ ከበሩ ጀርባ ተሰቅሏል፤ ኪሱ ውስጥ የተጣጠፈ ወረቀት ይታያል፤ አልነካሁትም። ድስቱን ሳነሣው ከሥሩ አቧራ ያልነካው ክብ ቦታ ቀረ። የበጉን ትከሻ መክተፊያ ጣውላው ላይ አስቀመጥኩ፣ ቢላዋዋን አነሣሁ፣ አንገቴን ደፋ አድርጌ፣ ለዓመታት እንዳደረግሁት፣ በቢላዋው ጫፍ ሥጋው ላይ አማትቤ «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» ብዬ ቆረጥኩ።

ከዚያ ደርቄ ቀረሁ።

ለሌላ ሰው ይህ ምንም አይደለም። ለእኛ ግን ሥጋው የማን እንደሆነ የሚለየው በላዩ የተጠራው ስም ነው። እኔ የእነሱን ሥጋ፣ በእሷ ቢላዋ፣ በእሷ ኩሽና፣ በእኛ ስም ባረክሁት። እንኳን አራት ወር ምግብ ያስጠላው ሰው፣ የራበውም አይበላው ይሆናል። ልጣለው? ደግሜ ሄጄ ልግዛ? ዝም ልበል? ዝም ብል ከግድግዳው በቀር የሰማኝ የለም። እኔ በሥራዬ የምሳሳት ሰው አይደለሁም፤ ለዚህ ይሆናል ስሳሳት ምን እንደሚደረግ ያላወቅሁት።

ሳልወስን እጄ ሥራውን ቀጠለ። ሽንኩርቱ ተከተፈ፣ ቅመሙ ተነሰነሰ፣ ፕሪሙ ገባ፣ ድስቱ ተከደነ፣ እሳቱ ዝቅ አለ። ጨውን ፈርቼ በጣም ቆጠብኩ። አፍንጫዬ ሁሉን ነገር ይነግረኛል፤ ጨውን ግን ማንም አፍንጫ አያውቀውም።

ወንበር ስቤ ምድጃው አጠገብ ተቀመጥኩ። የመስኮቱ መስተዋት ቀስ እያለ አላበው፤ ውጪ ያሉት ጥዶች ሟሙ። ድስቱ ከክዳኑ ሥር፣ ሰው እንዳይሰማው የሚጸልይ ሰው ይመስል ያጉተመትማል። ሽንኩርቱ ተቆጣ፣ አለፈ። ዝንጅብልና እርዱ ተነጋገሩ፣ አለፉ። ዓይኔ ከበደኝ።

እጄ እስከ ክርኑ ሙቅ ውኃ ውስጥ ነው። ሳህኖቹ ነጭ ናቸው፣ ክብ ናቸው፣ አንድ በአንድ ከውኃው እየወጡ በእንፋሎቱ ውስጥ ወደ ላይ ይንሳፈፋሉ፤ ላስቀራቸው አልሞክርም። ሼፉ ከጀርባዬ አለ፤ አላየውም፣ ግን ዝምታው ይሰማኛል። በሩ ላይ የወዳጄ ባለቤት ቆማለች። ነጠላዋ እርጥብ ነው፤ ጉም ውስጥ ብዙ መንገድ የመጣች ትመስላለች። አልከፋትም፣ አልቸኮለችም።

«እርስዎ ነዎት የሠሩት?» አለችኝ።

«አይደለሁም» አልኳት። «ሼፉ ነው። እኔ ሳህን አጣቢ ነኝ።»

«አውቅ ነበር እኮ» አለች። ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ሽርጧን ከበሩ ጀርባ አንሥታ ታጠቀች። ሳህኖቹ ከጣሪያው ሥር ቀስ ብለው ይዞራሉ። ቀረፋ ሸተተኝ፤ ከዚያ ምንም አልሸተተኝም፤ ከዚያ ማር።

ነቃሁ። ደርሷል። ሽርጡ ቦታው ላይ ነው። ወዳጄ ግን ከመስኮቱ ተነሥቶ የኩሽናው በር ላይ ቆሟል፤ በአንድ እጁ መቃኑን ይዟል።

«ታንኮራፋለህ» አለኝ። «ድስቱም ያንኮራፋል፣ አንተም ታንኮራፋለህ። ማን እንደሚበልጥ እየለየሁ ነበር።»

«ተቀመጥ» አልኩት። «ከመክፈቴ በፊት የምነግርህ ነገር አለ።»

ነገርኩት። ቢላዋውን፣ ማማተቤን፣ ቃሉን፣ ሁሉንም። ስናገር ፊቱን ሳይሆን ድስቱን ነበር የማየው። እሁድ ታየኝ፤ ሻንጣው በር ላይ፣ እሱ ልጁን ተከትሎ ደረጃውን ሲወርድ።

«ያረደው ማን ነው?» አለኝ በመጨረሻ።

«ሱማሌው። ሉካንዳው።»

«በጉ ያኔ ሞቷል?»

«እና በሕይወቱ ይዤው መጣሁ?»

«እኔ የማውቀው» አለ፣ ጺሙን እያሻሸ፣ «የታረደ በግ ደግሞ አይታረድም። ቢስሚላህ ተብሎበት ሞተ፤ አለቀ። አንተ ከሞተ በኋላ ነው የመጣህበት። ለቅሶ ደርሰኸዋል በለው።»

«አትቀልድ።»

«አልቀለድኩም። ብትደብቀኝ ኖሮ ነበር ሐራም የሚሆንብኝ።» ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። የሚያለቅስ መስሎኝ ተነሣሁ፤ እየሳቀ ነው። «በግ ባረከ! ወላሂ፣ ጉራህ በጉንም አላስቀረ!»

ከፈትኩት። ፕሪሙን አብጦ፣ ሥጋውን ከአጥንቱ ርቆ አገኘሁት፤ ማሩን ጨመርኩ። ዳቦ ቆረስኩ። ለራሴ ባዶ ዳቦና ሻይ ይዤ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። እጁን ታጠበ፣ ቢስሚላህ አለ፣ ትንሽ ቆርሶ ጎረሰ። ዓይኑን እንደ እሷ አልጨፈነም። ጣሪያውን እያየ ብዙ አላመጠ። ሥራዬን በምላሱ የሚመዝንልኝ እሱ ብቻ ነበር፤ የሼፉን ጣጂን የበላ፣ የእኔንም የሚበላ ከእሱ በቀር በዓለም ላይ የለም።

«ጨው የለውም» አለ።

ጨው አመጣሁለት። ነሰነሰበት፤ ደግሞ ጎረሰ።

«እንደ ምግብ ቤቱ ነው?» አልኩት።

«እንጃ። እኔ ምግብ አላስታውስም። የምታስታውሰው እሷ ነበረች።»

መልሴን ይዛብኝ ሄዳለች ማለት ነው። የትም ሄጄ አላገኘውም። እሱ ግን እጁን ከሳህኑ አላነሣም። ሦስተኛውን ጎረሰ፣ አራተኛውን ጎረሰ፣ አጥንቱን ይዞ ጋጠ። ልጁ እሁድ መጣች፤ የቀረውን ከድስቱ በዳቦ ሲጠርግ አገኘችው፤ ብዙ አልቅሳ ብቻዋን ወደ ሚኒሶታ ተመለሰች። ዛሬም በየሐሙሱ ከእሱ ቤት አለሁ። ማንም ሐኪም ይህን አላደረገም፤ እኔ ነኝ ያደረግሁት።

ግን ዓይኔን ስጨፍን የሚመጣልኝ የመጀመሪያው ሐሙስ ነው። ሳህኑ ወደ ግማሽ ወርዷል። ክፍሉ ሞቋል፣ መስኮቱ ነጭ ነው፣ ከእኛ ሌላ ዓለም ያለ አይመስልም። ወዳጄ ዳቦውን ሰፋ አድርጎ ቆረሰ፣ ሥጋና ፕሪም ጠቀለለበት፣ መረቁን አጠቀሰና፣ አገሩን ሁሉ ሲያጎርስ እንደኖረው፣ ከገበታው በላይ ወደ አፌ ዘረጋው።

«እንካ፣ በሞቴ!»

እጁ አፌ ዘንድ ሊደርስ ሲል ቆመ። እሱ ጉርሻውን አየ፣ እኔ ጉርሻውን አየሁ። መረቁ በእጁ አንጓ ላይ ወረደ።

«አስረሳኸኝ እኮ!» አለ።

«ለካ አንተም ትሳሳታለህ።»

«አሁን ምን ይሁን? የተዘረጋ ጉርሻ አይመለስም። ነውር ነው።»

«በእኔ ፈንታ ጉረሰው።»

አሰበበት። «ይሁን» አለና እጁን አዙሮ ጎረሰው። ጉንጩ አበጠ፣ ጺሙ ላይ መረቅ ቀረ።

«አንድ ጉርሻ ያጣላል» አልኩት።

አፉ እንደሞላ ሌላ ጠቀለለ። እኔን እያየ፣ በእኔ ፈንታ፣ ሁለተኛውን ጎረሰ። ደግሞ ሦስተኛውን። ቀስ ብሎ ያኝካል፣ ቀስ ብሎ ይውጣል፤ ለሌላ ሰው እንደሚበላ ሰው በጥንቃቄ። እኔ እጄን ጉልበቴ ላይ አድርጌ አገጩን አያለሁ። ሳላውቀው አፌ ባዶውን አብሮት ያኝክ ነበር።